ሆንዳ ሲቢ 750 ፎር፣ ሞዴል ኬ2፦ ከስምንት ዓመት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል መመስከር የሚገባው አንድ ቀን ተውሶ የነዳው ሰው አይመስለኝም። ለዓመታት የያዘው፣ ፈትቶ የገጠመው፣ መንገድ ላይ ቆሞበት የተቸገረው ሰው ቢናገር ይሻላል ብዬ ስለማምን፣ ስለ ሆንዳ ሲቢ 750 ፎር ከመጻፌ በፊት እጄ ከገባ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ጠብቄአለሁ። የእኔው እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ኬ2 የሚባለው ሞዴል ነው። በእነዚህ ዓመታት ተሸፍኖ የቆመበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ፣ የምመዝነውም ጠዋት ተነሥቶ መንገድ እንደሚወጣ ሞተር ሳይክል ነው፤ ከመስታወት ጀርባ ለሚያስቀምጡት ሰዎች የሚጠቅም ነገር ከዚህ ጽሑፍ ብዙ አይገኝም።

ሆንዳ ይህን ሞተር ሳይክል ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1968 በቶኪዮ የተሽከርካሪ ዐውደ ርዕይ ላይ ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት ለገበያ አቀረበው። በዚያ ዘመን ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች በአብዛኛው ባለ ሁለት ሲሊንደር ነበሩ፤ በእግር ተረግጠው ይነሡ ነበር፤ የሚቆሙትም በታምቡር ፍሬን ነበር። በዚያው በ1968 የወጡት የእንግሊዝ ባለ ሦስት ሲሊንደሮች፣ ትራያምፍ ትራይደንትና ቢኤስኤ ሮኬት 3፣ ጉልበት ቢኖራቸውም በቁልፍ የሚያስነሣ ሞተሪኖም የዲስክ ፍሬንም አልነበራቸውም። አራት ሲሊንደር ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሆንዳ በ1960ዎቹ የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ አራትም አምስትም ስድስትም ሲሊንደር ያላቸውን ሞተሮች አሰልፎ ነበር። አዲሱ ነገር አራቱን ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ ከላይ የተቀመጠውን ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ አምስት ማርሹን፣ ሞተሪኖውንና ከፊት ያለውን የዘይት ግፊት ዲስክ ፍሬን አንድ ላይ አድርጎ፣ ተራ ሰው ሊገዛው በሚችል በብዛት በሚመረት ሞተር ሳይክል ላይ ማቅረቡ ነበር። በ1970 ዲክ ማን በዚሁ ሞተር ላይ በተመሠረተ ሆንዳ የዴይቶና 200 ውድድርን ማሸነፉ የተጠራጣሪዎችን አፍ አዘግቷል።

መጀመሪያ የወጡት ሞተሮች ቤታቸው በአሸዋ ቅርጽ የተቀለጠ ስለሆነ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት እነሱን ነው። ለመንዳት ለሚፈልግ ሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጡትን ያለማመንታት እመክራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ላይ አራቱ ካርቡሬተሮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ገመድ ይሳቡ ነበር፤ በኋላ ግን በአንድ ዘንግ ተያይዘው አብረው እንዲከፈቱ ተደርገዋል፤ ይህች ለውጥ ብቻዋን የባለቤቱን ብዙ የእሑድ ከሰዓት አትርፋለች።

ጠዋት ቀዝቃዛውን ሞተር ማስነሣት ለእኔ ከጉዞው አያንስም። የቤንዚኑን መክፈቻ አዞራለሁ፤ በካርቡሬተሮቹ ግራ በኩል ያለችውን የአየር መዝጊያ ማንሻ ከፍ አድርጌ አውራ ጣቴን በሞተሪኖው ቁልፍ ላይ አሳርፋለሁ። መጀመሪያ አንዱ ሲሊንደር ብቻውን ያስላል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተሉታል፤ ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ አራቱ ማርሚታዎች ድምፃቸውን አስተባብረው አንድ ወፍራም ጉርምርምታ ይሆናሉ። ሳይተባበሩ ከቀሩ፣ ከአንድ አንጋፋ ወዳጄ የተማርሁት ዘዴ አለኝ፦ ጣቴን ውሃ ነክሬ በአራቱም የጭስ ቧንቧዎች ላይ፣ ቴስታታ ከሚባለው የሞተሩ ራስ በሚወጡበት ቦታ፣ አንዳንድ ጠብታ አንጠባጥባለሁ። በሦስቱ ላይ ጠብታው ጢስ ብሎ ወዲያው ሲተን፣ በአራተኛው ላይ እንደ ተቀመጠ ከቀረ፣ ብልጭታ ያልሰጠው ካንዴላ የትኛው እንደ ሆነ ሳልጠይቅ ዐውቃለሁ። በኮምፒውተር ተመርምሮ የሚገኝ መልስ እንዲህ ያለ ደስታ ሰጥቶኝ አያውቅም።

መንገድ ላይ ሲወጣ ይህ ሞተር የሚያስደንቀው በገርነቱ ነው። የሲሊንደሮቹ ጠቅላላ ይዘት 736 ሲሲ ነው፤ የፋብሪካው መዝገብ 67 የፈረስ ጉልበት በ8,000 ዙር ይለዋል፤ ዛሬ ካሉት ሞተር ሳይክሎች ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ የሚያስፎክር አይደለም። ነገር ግን የፒስተኑ ምት 63 ሚሊ ሜትር፣ የሲሊንደሩ ስፋት 61 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ ማለትም ምቱ ከስፋቱ ጥቂት ስለሚበልጥ፣ ከታች ጀምሮ ሳይጨነቅ ይጎትታል፤ በአምስተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ እየሄደ ጋዝ ሲሰጡት ያለ ማንገራገር ይነሣል። ዙሩ ከፍ ሲል በመሪው መያዣ በኩል ጣትን የሚነካ ስስ ንዝረት ይመጣል፤ ይህንን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፣ እኔ ግን ረጅም መንገድ ስሄድ የሞተሩን ዙር ሰዓቱን ሳላይ የማውቀው በእሱ ስለሆነ እንዲጠፋ አልመኝም።

ክብደቱን ግን መሸፋፈን አይቻልም። ያለ ዘይትና ያለ ቤንዚን 218 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሞተሩም ሰፊና ረጅም ስለሆነ ቀስ ብለው ሲያዞሩት ወደ ጎን ለመውደቅ የፈለገ ይመስላል። ከተንቀሳቀሰ በኋላ ይህ ስሜት ይጠፋል። የፊት ፍሬኑ 296 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ዲስክ ነው፤ በዘመኑ ተአምር ነበር፤ ዛሬ ግን ከዘመናዊ ሞተር ሳይክል ወርዶ ለሚነዳው ሰው እንጨት የጨበጠ ያህል ሊሰማው ይችላል። በተለይ በዝናብ፣ በዚያ ዘመን የማይዝጉ የብረት ዲስኮች ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ ውሃው እስኪጠረግ ድረስ አንድ አፍታ ምንም አይዝም፤ ከዚያ በኋላ በድንገት ይይዛል። መንገዱ ርጥብ ሲሆን ከመቆሚያዬ ቀድሜ ፍሬኑን በስሱ እየነካሁ ዲስኩን ማድረቅ ልማዴ ሆኗል፤ ለአዲስ ባለቤት በመጀመሪያው ቀን የምነግረውም ይህንኑ ነው።

በእኔ ሚዛን የዚህ ሞተር ሳይክል ትልቁ ሀብት ባለቤቱ በገዛ እጁ ሊጠብቀው መቻሉ ነው። የቫልቮቹ ክፍተት የሚስተካከለው በትንሽ ቪቴና በማጥበቂያ ዳዶ ነው፤ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ለማስገቢያው ቫልቭ 0.05፣ ለማስወጫው 0.08 ሚሊ ሜትር የሆነችውን ስስ የመለኪያ ቅጠል እያስገባሁ፣ ቅጠሏ ሳትላላና ሳትታነቅ ስትንሸራተት ዳዶውን አጠብቃለሁ። የካንዴላዎቹን ብልጭታ ጊዜ የሚወስኑት መቆራረጫዎች፣ ፑንቲናዎቹ፣ ሁለት ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ጥንድ ለአንደኛውና ለአራተኛው፣ ሌላው ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ሲሊንደር ያገለግላል። ብዙ ወዳጆቼ ፑንቲናውን አውጥተው ኤሌክትሮኒክ መለኮሻ ገጥመዋል፤ ባልነቅፋቸውም፣ እኔ መንገድ ዳር በአንዲት ካቻቢቴ የሚስተካከለውን ነገር ልለውጠው አልፈለግሁም።

አራቱን ካርቡሬተሮች ማመሳሰል ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አራት የመምጠጥ መለኪያ ሰዓቶች በቀጫጭን ቱቦ ይያያዛሉ፤ ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው በሚኒሞ እየዞረ መርፌዎቹ እኩል እስኪቆሙ ድረስ ቪቴዎቹ በጥቂት በጥቂቱ ይነካሉ። ሦስቱ ተስተካክለው አራተኛው ሲያፈነግጥ፣ እሱ ሲስተካከል ሁለተኛው ሲለቅ ሰዓቱ ይነጉዳል። አራቱ እኩል መተንፈስ የጀመሩበት ቅጽበት ግን በጆሮ ይታወቃል፤ ሞተሩን ከማርሹ ከሚያገናኘው ከፍሪሲዮኑ በኩል ይሰማ የነበረው መንቀጭቀጭ እንደ ተገታ ወሬ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል።

ስለ ቪቴዎቹ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የጃፓን ባለ መስቀል ቪቴ በየመደብሩ ከሚገኘው ባለ መስቀል ቪቴ ጋር ቢመሳሰልም አቆራረጡ የተለየ ነው፤ በተራው ካቻቢቴ ሲያዞሩት ጫፉ እየተንሸራተተ የቪቴውን ራስ ይበላዋል። ስንት ጥሩ የሞተር ሽፋን በዚህ ምክንያት ተቦርቡሮ አይቻለሁ! በጃፓን ደረጃ የተሠራ ካቻቢቴ ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ አስቀድሞ መገዛት አለበት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉድለት ልምጣ። የቴስታታው የላይኛው ሽፋን ሞተሩ ከሻሲው ሳይወጣ አይነሣም፤ ሻሲው ከላይ ተጠግቶ ስለሚይዘው ቦታ የለም። በአምስተኛው ዓመት ከዚያ ሽፋን ሥር ዘይት ማላብ ሲጀምር፣ ዘይት እንዳይወጣ የምታሽግ የአንዲት ጓርኒሲዮን ጉዳይ የሁለት ቀን ሥራ እንደሚሆን ገባኝ። ለብቻዬ የምችለው ስላልነበረ ሦስት ሰዎች መጡልኝ፤ አንዱ የካዋሳኪ ዜድ1፣ ሌላው የያማሃ ኤክስኤስ 650፣ ሦስተኛው በዕድሜ ትልቃችን በመሆናቸው ጋሼ የምንላቸው የሱዙኪ ጂቲ 750 ባለቤት ናቸው። ማርሚታውን፣ ካርቡሬተሮቹን፣ ካቴናውንና ሽቦዎቹን አላቅቀን ሞተሩን ለማንሣት ስናጎነብስ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ሞተሩን አትንኩት! ለምን ወገባችሁን ትቆርጣላችሁ? ሻሲውን ነው የሚያነሡት» አሉን። ሞተር ሳይክሉን በአሮጌ ምንጣፍ ላይ በጎኑ አጋደምነው፤ ቡሎኖቹን አወጣን፤ ከዚያ ሻሲውን ለሦስት ይዘን ቀና ስናደርገው ሞተሩ ምንጣፉ ላይ እንደ ተኛ ቀረ። ጋሼ የገዛ ሞተራቸው በውሃ የሚቀዘቅዝ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሁለት ምት ስለሆነ ቫልቭ የሚባል ነገር የለውም፤ እንዲያም ሆኖ የሆንዳውን አፈታት ከእኔ አብልጠው ያውቁ ነበር።

በዚያን ዕለት ስለ ፍጥነትም ስለ ውበትም ብዙ ተከራከርን። የዜድ1 ባለቤት ሁለት ካምሻፍት፣ 903 ሲሲና 82 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተሩን አወደሰ፤ ካዋሳኪም የራሱን 750 እያዘጋጀ ሳለ የሆንዳው ስለ ቀደመው ዕቅዱን አቁሞ፣ አስፍቶ በ1972 እንዳወጣው አስታወሰን። ይህ ታሪክ እውነት ነው፤ ሞተሩም ከእኔው ይበረታል። የኤክስኤስ 650 ባለቤት በበኩሉ ሁለት ሲሊንደር ለአንድ ሰው ይበቃል ባይ ነው። ክርክሩ ሲካሄድ ግን አንዳቸውም እጃቸውን ከሥራው አላነሡም፤ አንዱ የድሮውን ጓርኒሲዮን ይፍቃል፣ አንዱ ቡሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል በካርቶን ላይ ይሰካል። ይህን ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው እንዲህ ያሉ ሰዎችን አብሮ ያገኛል፤ በግምገማዬም ውስጥ ትልቅ ነጥብ የሰጠሁት ለዚህ ነው።

መለዋወጫ ከብዙ የዕድሜ እኩዮቹ ይልቅ ይገኛል፤ በብዛት መመረቱ ጠቅሞታል። የመጀመሪያዎቹ አራት ማርሚታዎች ግን ከውስጥ በኩል ስለሚዝጉ ጤነኛ ማግኘት ከባድ ነው። ርካሹን መለዋወጫ ደግሞ በጥንቃቄ ይመልከቱ። አንድ ጊዜ ስሙን ከማልጠራው ሻጭ የካርቡሬተር ጥገና ዕቃ ገዝቼ ከገጠምሁ በኋላ አራቱም ካንዴላዎች ጥቀርሻ ለብሰው ወጡ፤ የመርጫዎቹ ቀዳዳ በላያቸው ከተጻፈው ቁጥር የሰፋ ነበር። የድሮዎቹን አጽድቼ መለስኋቸው፤ እስካሁን የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? በየቀኑ ሳያስበው ተነሥቶ መሄድ ለሚፈልግና የመሣሪያ ሳጥን መክፈት ለማይወድ ሰው አልመክረውም፤ ሰውየውም ሞተር ሳይክሉም ያዝናሉ። ከሞተር ጋር መነጋገርን ለሚወድ፣ በወር አንድ ከሰዓት ለሚሰጥና ረጅም መንገድ ለሚናፍቅ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም፤ እኔም ዛሬ እንደ አዲስ ብጀምር ደግሜ እገዛዋለሁ።

ሊገዙ ሲሄዱ የሻሲውና የሞተሩ ቁጥር ባለመመሳሰሉ አይደንግጡ፤ ከፋብሪካ ሲወጣም አንድ ዓይነት ቁጥር አልነበረውም። የቤንዚን መያዣውን የሰርባትዮውን ውስጥ በባትሪ መብራት አይተው ዝገት ይፈልጉ፤ ከካቴናው የፊት ጥርስ ጀርባ ያለውን የሞተር ቤት በተለይ ይመርምሩ፤ ካቴና ተበጥሶ የመታው ሞተር ስብራቱ የሚታየው እዚያ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሣ ይስሙት። እጅዎን ቧንቧው ላይ ሲያሳርፉ ለብ ብሎ ከጠበቀዎት፣ ሻጩን አመስግነው ሌላ ቀን ጠዋት በማለዳ ይመለሱ።