የጨው ባሕር ዘንግ ጎርጎራ ላይ

የባለቤቴ ወንድም ጅቡቲ ነው የሚሠራው። የዕረፍት ቀኑን ባሕር ዳር አሳ ሲያጠምድ ይውላል። ሰሞኑን ለእኛም የማጥመጃ ዘንግ፣ ክሩ ከሚጠመጠምበት ማጠንጠኛው ጋር ላከልን። ለጨው ውሃ የተሠራ ነው። ጎንደር ላይ ምን ባሕር አለና! ያለን ጣና ነው። እናም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎርጎራ ወርደን ሞከርነው። ለጣና ይሆናል ወይ ለምትሉ፣ ይሆናል፤ ለሁሉም አሳ ግን አይደለም።

ዘንጉ ለሁለት ስለሚነቀል ለጉዞ አያስቸግርም። ከአዘዞ በቆላድባና በጯሂት አድርገን ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ እግራችን መሃል ገባ። ረዳቱ ግን «ይሄ አንቴና ነው?» ማለቱ አልቀረም።

ዋናው ነገር ማጠንጠኛው ነው። ጨው ብረት ስለሚበላ የባሕር ማጠንጠኛ ውስጡ በጎማ ይታሸጋል፣ ኩሽኔታውም የማይዝግ ነው። ጣና ጨው የለውም፤ ባለቤቴ «እስቲ ጨው ነስንሽበት፣ ብሩ በከንቱ እንዳይቀር» እያለ ቀለደ። ለነገሩ ማሸጊያው አሸዋና ጭቃም ስለሚከላከል እኔ አልከፋኝም።

ከሁሉ የወደድኩት ፍሬኑን ነው። ማጠንጠኛው ፊት ላይ የምትዞር ቁልፍ አለች። ስታጠብቋት ክሩ ይያዛል፣ ስታላሏት ይለቃል። አሳው በኃይል ሲጎትት ክሩ ከመበጠስ ይልቅ «ጥርርር» እያለ በልክ ይወጣል። በትል የያዝኩት አምባዛ ሁለት ጊዜ ወደ ደንገሉ ሊገባብኝ ሞክሮ ነበር። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ «ልቀቂለት! አትጎትቺው አንቺ!» እያለ ይጮሃል። እሱ ጯሂት ነው ያደገው፤ ልጅ ሆኖ ክሩን በእጁ ይዞ ነበር የሚያጠምደው። ያኔ ፍሬኑ የራሱ መዳፍ ነበር። ሌባ ጣቱ ላይ ክር የቆረጠው ጠባሳ ዛሬም አለ። አምባዛው ደክሞት ጢሙን እያንቀሳቀሰ ወደ ዳር ሲመጣ፣ ማጠንጠኛውን ተቀብሎኝ አገላብጦ አየውና «ይሄን ያኔ ባገኘው!» አለ።

ክሩ ከ200 ሜትር በላይ ነው። ጣና በጥልቅ ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ አብዛኛው ክር ውሃ አይነካም። ጥንካሬው ግን ጠቅሞናል። መንጠቆው እምቦጭ ሲይዝብን ጎትተን ከነሥሩ አወጣነው፤ ክሩ ምንም አልሆነም።

ለቆሮሶ (ቲላፒያ) ከሆነ ግን አትድከሙ። የዘንጉ ጫፍ ደረቅ ነው፤ ቆሮሶ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚለክፈው፣ ምንም አይሰማችሁም። አብሮ የመጣው መንጠቆም ለትንሽ አፉ ትልቅ ነው። አጠገባችን ቀጭን ዱላ ላይ ክር ያሰረ ልጅ ቆሮሶውን በላይ በላዩ ሲያወጣ እኛ ቆመን እናያለን። አልፎ አልፎም ዘወር ብሎ ዘንጋችንን እያየ ይስቃል።

ከዕቃው ጋር የፕላስቲክ ማታለያዎችም አሉ። ሽሪምፕ የሚመስሉት ለጣና ትርጉም የላቸውም። በብር ቀለም የተሠራችው ትንሽ አሳ ግን ሠርታለች፤ «ነጭ አሳ» ከሚባለው የጣና አሳ አንድ ደህና አስይዛናለች። ምክንያቱ አለው። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው አልጌ ነው፣ ለማታለያ ደንታ የለውም። ከጣና የነጭ አሳ ዝርያዎች መካከል ግን ሌላ አሳ አድነው የሚበሉ አሉ። ውሃው ደፍራሳ ስለሆነ የምታብረቀርቀዋን ምረጡ። ክረምት ላይ ደግሞ ብዙው ነጭ አሳ ሊራባ ወደ ወንዞቹ ስለሚወጣ የመገጭ ወንዝን አፍ ተዉለት። ነጭ አሳ ሲበላ እሾሁ ያስቸግራል፤ እኔ አድቅቄ ዱለት አደረግኩት።

ክብደቱ ሌላው ችግር ነው። ሰዓት ሲቆይ የእጅ አንጓ ያማል፤ ደጋግሞ ለሚወረውር ሰው በተለይ። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ስጦታ ስለሆነ አልጠየቅንም።

እጀታው በግራም በቀኝም ይገጠማል። ባለቤቴ ግራኝ ስለሆነ ተራው ሲደርስ ቀይሬ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ እጀታው ወደ እኔ ጎን አልተመለሰም።