ላሟ ከመዳቀሏ በፊት፦ በውሃ ማጠብ ወይስ በደረቅ ሶፍት መጥረግ?

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የፎገራ ወይም የድቅል ላሞችን የሚያረቡ ብዙ ሰዎች፣ የኮርማ ዘር በመሣሪያ ወደ ላሟ ማህፀን የሚያስገባው አዳቃይ ሲመጣ ብልቷን ማጠቢያ ውሃ በባልዲ ማቅረብን እንደ ንጽሕና ይቆጥሩታል። የደረቀ አዛባን በማስለቀቅ ረገድ ውሃ ከሶፍት እንደሚበልጥ አይካድም፤ በተለይ በክረምት፣ በረቱ ጭቃ በሚሆንበት ጊዜ። ነገር ግን በብልቷ ከንፈሮች እጥፋት ውስጥ የሚቀረው እርጥበት ቆሻሻውን ይዞ ከማዳቀያ መሣሪያው ጋር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጀርሞቹ ማህፀኗን ሊያቆስሉ፣ ውሃው ራሱም የኮርማውን ዘር ሊገድል ይችላል፤ ላሟም ሳትይዝ ቀርታ ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ዳግመኛ ትደራለች።

ደረቅ ሶፍት ይህን አደጋ ይቀንሳል። ሶፍቱ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ በየጊዜው እየተቀየረ ይጠረጋል፤ ከዚያም ከንፈሮቹ ተከፍተው መሣሪያው ሳይነካቸው፣ ወደ ሽንት ቀዳዳው እንዳይገባ ወደ ላይ ዘንበል ተደርጎ ይገባል።

እኔ ደረቁን እመርጣለሁ። ላሟ እጅግ ከቆሸሸች ግን ታጥባ ፈጽሞ እስክትደርቅ ትጠረግ። በ‑196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተጠብቆ የመጣ ዘር በጥቂት የውሃ ጠብታ ሲጠፋ ማየት ያሳዝነኛል፤ ዘሩን የያዘችው ቀጭን ቱቦ (ስትሮ) እንኳ የቀዘቀዘው ዘር ከሚሟሟበት ለብ ያለ ውሃ ስትወጣ፣ ከመቆረጧ በፊት በሚገባ መድረቅ አለባት።