የሐይቅ ዳሩን ችግኝ ቤት ሐምሌ ላይ ፈተንኩት

ችግኝ ሻጭ ጥሩ መሆኑ በገዛችሁበት ቀን አይታወቅም። ሐምሌ ላይ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ይህን ለመጻፍ ሁለት ወር ተኩል ጠብቄያለሁ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ የባሕር ዳር መንገዶች በድሬዳዋ ዛፍ ቀልተው በነበረበት ሰሞን፣ ጣና ዳር ካለች አንዲት ትንሽ ችግኝ ቤት አሥራ አንድ ችግኝ ገዛሁ። ዛሬ ሐምሌ 20 ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሮ አሁን አባርቷል። ቡናዬን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ያበበውንና ያላበበውን እየቆጠርኩ።

ቤቱ ታፔላ የለውም። ባለቤቱን ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ቡጋንቪሊያ ነበር፣ ለፊት ለፊቱ አጥር።

«ለክረምት ከሆነ ተይው ልጄ» አሉኝ። «ዝናብ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው። እሱ ጥም ይወዳል። ጥቅምት ላይ ነይ።»

ዕቃውን በእጁ ይዞ አትግዢ የሚል ነጋዴ ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም። ደግሞም እውነታቸውን ነው። የጎረቤቴ ቡጋንቪሊያ ሚያዝያ ላይ አጥሩን ሙሉ ሸፍኖት ነበር፣ አሁን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። አበባ የምንለው ያ ባለ ቀለሙ ነገር ራሱ ቅጠል እንደሆነ፣ እውነተኛው አበባ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር እንደሆነች ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው።

በምትኩ የሰጡኝ ሦስት ካና፣ ሦስት ዳህሊያ፣ አንድ ሃይድራንጂያ፣ ሁለት ጽጌረዳና ሁለት ጀራንየም ነው። ሁለት በሶብላ ደግሞ በምርቃት ጨመሩልኝ።

ካናው አንዱ 60 ብር ነው። ሥሩን እዚያው ፊቴ በዶማ አውጥተው ከፋፈሉት፣ እያንዳንዱ ላይ ቡቃያ የሚወጣበት ዓይን መኖሩን በጣታቸው እየነኩ አሳዩኝ። «ውሃ የሚተኛበት ቦታ አለሽ?» አሉኝ። አለኝ፣ የአሸንዳው ውሃ የሚወርድበት ጥግ፣ በየክረምቱ የተከልኩት ሁሉ የሚበሰብስበት። እዚያ ተከልኩት። አሁን ወገቤን አልፏል፣ ሁለቱ ቀይ አበባ አውጥተዋል፣ ሦስተኛውም ጫፉ ላይ ቋጥሯል። ያ ጥግ አበባ ሲይዝ ስድስት ዓመት በዚህ ቤት ስኖር የመጀመሪያው ነው።

የዚህ ክረምት ንጉሥ ግን ዳህሊያው ነው። ስትገዙት ድንች የመሰለ ሥር ነው፣ 120 ብር ለዚህ ነው እንዴ ያሰኛል። ሁለት ነገር ነገሩኝ። እስኪበቅል ውሃ አታብዢበት፣ ይበሰብሳል። መደገፊያ እንጨቱን ደግሞ አብረሽ ትከይው፣ በኋላ ስትሰኪ ሥሩን ትወጊዋለሽ። ሁለቱንም እንዳሉኝ አደረግኩ። አሁን አንዱ እንደ ሲኒ ማስቀመጫ የሰፋ ጥቁር ቀይ አበባ ይዟል፣ ቅጠሎቹ እንደ ማንኪያ ወደ ውስጥ የታጠፉ ናቸው፣ ሌሊት የጣለው ዝናብ በእያንዳንዷ ውስጥ ይቋጠርና ጠዋት ስነሳ አንገቱ ተሰብሮ መሬት ሊነካ ደርሶ አገኘዋለሁ። ከሥሩ ይዤ ቀስ ብዬ ሳራግፈው ውሃው እስከ ክርኔ ይወርዳል፣ ከዚያ ራሱ ቀና ይላል። በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ከእንጨቱ ጋር አስሬዋለሁ። በሲባጎ አትሰሩ፣ ግንዱ ለስላሳ ስለሆነ ይቆርጠዋል።

በሃይድራንጂያው ተጣልቻቸው ነበር ማለት ይቻላል። 250 ብር ከፍዬ የወሰድኩት ሮዝ ነው፣ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ያወጣው አዲስ አበባ ግን ወይን ጠጅ ሆነ፣ ጠርዙም ወደ ሰማያዊ ሄደ። ተለውጦብኛል ብዬ ፎቶውን ይዤ ሄድኩ። አዩና «አፈርሽ ቀይ ነው አይደል?» አሉኝ። እኔ ያለሁት አባይ ማዶ ነው፣ አፈሩም ቀይ ነው፣ ቀይ አፈር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኮምጣጣ ነው። ሃይድራንጂያ አፈሩ ኮምጣጣ ሲሆን አሉሚኒየሙን ስቦ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ አሲድ በሌለው አፈር ሮዝ ይሆናል። ጋሼ አሉሚኒየም የሚለውን ቃል አልተጠቀሙም፣ ግን አመድ በጥቂቱ ብጨምርበት ወደ ሮዙ ሊመለስ እንደሚችል ነገሩኝ። አልጨመርኩም። ወይን ጠጁን ወድጄዋለሁ።

ጽጌረዳው ደህና ነው፣ ከዚህ በላይ አልልም። ሐምሌ የጽጌረዳ ወር አይደለም። እንቡጡ ሳይፈታ ይጠወልጋል፣ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። የታመመውን ቅጠል እየለቀምኩ ከግቢ አወጣለሁ፣ ሥሩ ላይ ከተተወ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ቢያንስ ግን በሕይወት አለ። አምና ከሌላ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሦስት ጽጌረዳ በሙሉ አበባ ገዝቼ ሦስቱም በሦስት ሳምንት ደረቁ። ስነቅላቸው ሥር የላቸውም፣ ቅርንጫፍ ቆርጠው ፕላስቲክ ውስጥ የሰኩት ነው። በጣም ነው ያናደደኝ፣ ለእናቴ መታሰቢያ ብዬ ነበር የተከልኳቸው።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። ጀራንየሞቹ ሁለቱም ሞተዋል። ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው አፈር ዋልካ ነው፣ ውሃ ይይዛል፣ ጀራንየም ደግሞ እግሩ ከረጠበ አይተርፍም። አፈሩን አራግፌ አሸዋ ባለበት መትከል ነበረብኝ፣ እሳቸውም ይህን ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። ሌላው፣ ችግኞቹ ላይ ስምም ዋጋም አልተጻፈም። ጋሼ ካሉ ችግር የለም፣ እሳቸው ከሌሉ ግን የሚሸጠው ልጅ የዳህሊያውን ቀለም አይለይም፣ ቢጫ ብዬ የወሰድኩት አንዱ ነጭ ወጥቷል። መንገዱም በክረምት ጭቃ ነው፣ ባጃጅ እስከ በሩ አይገባም። ቦቲ አድርጋችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ለሁለተኛ ጊዜ በሄድኩበት ቀን አንዲት ሴት እምቦጭ ጠየቀቻቸው፣ ግቢዋ ውስጥ ላለው የውሃ ገንዳ። አበባው እኮ ያምራል፣ ያ ደብዛዛ ሐምራዊ ቀለሙ፣ አልፈርድባትም። ጋሼ ግን ቁጣ በሚመስል ድምፅ እምቢ አሉ። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ያደረገውን የሐይቁ ዳር ሰው ያውቀዋል፣ ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን የሚያሳልፍበት አጥቷል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ አንድ ባልዲ ውሃ ከገንዳ ወደ ቦይ ከተደፋ ይበቃዋል። ኮምፖስታቸው ውስጥም እንደማያስገቡት አረጋገጥኩ። ለዚህ ብቻ እንኳ ደንበኛቸው ሆኜ እቀጥላለሁ።

በምርቃት ያገኘሁት በሶብላ አሁን ማበብ ጀምሯል። አበባው እዚህ ግባ አይባልም፣ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ግን ንቦቹ መጀመሪያ የሚመጡት እሱ ላይ ነው። ለድልህ ልቆርጠው አስቤ ነበር፣ ግማሹን ለንቦቹ ተውኩት።

አጥሩ ሥር ደግሞ ያልገዛሁት ነገር በቅሏል። ቅጠሉ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ጣት የሚያህል ቡቃያ፣ ብዙ። አረም መስሎኝ ልነቅለው ጎንበስ ካልኩ በኋላ ነው ያወቅኩት፣ አደይ ነው። ጋሼን አደይ ይሸጣሉ ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «አደይ አይሸጥም» አሉኝ፣ «ብቻ አትንቀዪው።»

ቅዳሜ ጠዋት እመለሳለሁ። ቢጫውን ዳህሊያ ራሳቸው መርጠው ይስጡኝ።