በሕጉ ፈቃድ ወይስ ከሙዚቀኛው ጋር በቀጥታ?

አሜሪካ ውስጥ የአማርኛ ኢንተርኔት ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በሕግ የተደነገገው ፈቃድ ነው፤ ክፍያው ሳውንድኤክስቼንጅ ለተባለው ሰብሳቢና አከፋፋይ ድርጅት ይገባል፣ ሙዚቀኛውን ማስፈቀድ አያስፈልግም። 50 በመቶው ለቅጂው (ለተቀዳው ድምፅ) ባለቤት፣ 45 በመቶው ለዋናው ድምፃዊ፣ 5 በመቶው ለአጃቢዎች ይከፈላል። በራሱ ገንዘብ የቀዳ ድምፃዊ እንግዲህ 95 በመቶው የእሱ ነው፤ ድርጅቱ ዘንድ ካልተመዘገበ ግን ገንዘቡ እጁ አይገባም። «ተስፋዬ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ሲጻፍማ ገንዘቡ ባለቤቱን እንዴት ያግኝ? ይህ ያንገበግበኛል። በዚህ ፈቃድ በ3 ሰዓት ውስጥ ከአንድ አልበም ከ3 ዘፈን በላይ ማሰማትም አይፈቀድም።

ሁለተኛው መንገድ ቀጥታ ውል ነው፤ ቅጂው የራሱ ከሆነ ሙዚቀኛ ጋር ከተዋዋሉ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ማጫወት ይቻላል፤ ዋጋውንም ሁለቱ ይቆርጣሉ። የግጥምና ዜማው መብት ግን በሁለቱም መንገድ ለብቻው ይታያል። ጥቂት ሙዚቀኞችን ለሚያጫውት ትንሽ ጣቢያ እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ክፍያው በውሉ ላይ በቁጥር እስከተጻፈ ድረስ።