የሳንድዊች ማሽኔን ለጠገኑልኝ ጋሼ ምስጋና

ፒያሳ ሳሉ ጋሼ ዘንድ ምጣድና ምድጃ ታስጠግኑ የነበራችሁ ሁሉ፣ ጋሼ ተገኝተዋል! በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለልማት ሲፈርስ ከሱቃቸው ተነሥተው ጠፍተውብን ነበር። አሁን የሚሠሩት አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳይርቁ ነው።

እኔ ጠዋት ጠዋት ለቢሮ ሠራተኞች ትኩስ ሳንድዊች አዘጋጃለሁ። ዳቦውን የምጋግረው ራሴ ነኝ፤ ግን በዕለቱ ማሽን ውስጥ አላስገባውም። ትኩስ ዳቦ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ማሽኑ ሲጫነው ተመልሶ ሊጥ ይመስላል። አንድ ቀን ያደረው ላዩ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። በፍስክ ቀን እንቁላልና ፎርማጆ፣ ረቡዕና ዓርብ ቲማቲም፣ ቃሪያና አቮካዶ አደርግበታለሁ። አቮካዶ ሙቀት ሲነካው ስለሚመርር የምጨምረው ዳቦው ከማሽኑ ከወጣ በኋላ ነው።

ታዲያ ባለፈው ወር የማሽኑ የላይኛው ብረት መሞቅ አቆመ። ዳቦው ከታች ቡናማ፣ ከላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እያገላበጥኩ ልጥበስ ብል ጊዜው እጥፍ ሆነ፤ ታክሲ ለመያዝ የሚቸኩል ሰው ደግሞ አይጠብቅም። መጀመሪያ ያሳየሁት ጠጋኝ «ማሞቂያው ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዢ» አለኝ። አዲስ ለመግዛት አቅሙ አልነበረኝም።

ጋሼ ካቻቢቴ ከማንሣታቸው በፊት ክዳኑን ደጋግመው ከፈቱ፣ ዘጉ። ከዚያ ፈትተው በቴስተር ለኩና «ልጄ፣ ማሞቂያው ጤነኛ ነው» አሉኝ። ወደ ላይኛው ብረት የሚሄደውን ሽቦ ማጠፊያው አጠገብ በሁለት ጣታቸው ይዘው ጎንበስ አደረጉልኝ። ልባሱ ደህና ነው፤ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሲታጠፍ ኖሮ ተበጥሷል። ሙቀት የሚችል ሽቦ ቀየሩልኝ፤ እንዳይወጠርም ትንሽ አላልተው አሰሩት። ከዚህ በፊት የነካው ሰው ሳያገናኝ የተወውን የመሬት መስመርም (ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይዝ የሚከላከለውን ሽቦ) ሳልጠይቃቸው መለሱት። «እጅሽ እርጥብ ሆኖ የምትነኪው ዕቃ ነው» አሉኝ።

የተቀበሉኝ የሽቦውን ዋጋና የግማሽ ሰዓት የእጅ ብቻ ነው። ጨምሬ ብሰጣቸው መለሱልኝ። እውነቱን ስለነገሩኝ ከልብ አመሰግናቸዋለሁ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ትቼዋለሁ። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን አሳያችኋለሁ። ከእሑድ በስተቀር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አሉ። ዕቃችሁን ስትወስዱ አጽድታችሁ፣ ቀዝቅዞ ይሁን።