ለማይንክራፍት ተወርዋሪ፦ ዝግጁ ሬንደረር ወይስ የራስ?

ለማይንክራፍት ሞድ (ጌሙ ላይ ለሚጨመር ኮድ) አዲስ ተወርዋሪ፣ ማለትም እንደ ጦር ወይም ቦምብ የሚወረወር ነገር፣ ሠርተህ ገና ስትወረውረው ጌሙ ክራሽ ካደረገ፣ መጀመሪያ ሬንደረር (ነገሩን ስክሪን ላይ የሚስለውን ኮድ) መመዝገብህን እይ። ብዙ ጊዜ ጣጣው እዚያ ነው።

ከዚያ ምርጫው ሁለት ነው። የበረዶ ኳሱና እንቁላሉ የሚጠቀሙበትን፣ ስሮውንአይተምሬንደረር (ThrownItemRenderer) የተባለውን ዝግጁ ሬንደረር መዋስ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ግን ምስሉ ሁሌ ፊቱን ወደ ካሜራው ያዞራል። ለቦምብ ችግር የለውም። ለጦር ግን ያስቃል፤ ጫፉ ዒላማውን ትቶ ወደ ጎን እያየ ይበራል።

የራስን መጻፍ ያደክማል። ጌሙ በሰከንድ 20 ቲክ (የጌሙ የስሌት እርምጃ) ብቻ ይቆጥራል። ስክሪኑ 60 ፍሬም ሲያሳይ፣ የቀድሞውንና የአሁኑን ማዕዘን በፓርሻል ቲክ (ከመጨረሻው ቲክ ወዲህ ባለፈው የቲክ ክፍልፋይ) ካላቀላቀልክ ጦሩ ይንቀጠቀጣል። እኔ ይህን ረስቼ ሌሊቱን ሙሉ ቴክስቸሩን (የጦሩን ምስል) ስነካካ አድሬያለሁ። ቢሆንም ለጦር ይሄኛውን እመርጣለሁ።