የተነፋ ጎማ ወይስ የተነፈሰ፦ የትኛው ይከብዳል?

ሁለት አንድ ዓይነት የመኪና ጎማዎች አሉ እንበል። አንዱ በ32 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ተነፍቷል። ሌላው እስኪልፈሰፈስ ተንፍሷል። ሚዛን ላይ ስናወጣቸው የተነፋው ይከብዳል፤ ግን በ90 ግራም ገደማ ብቻ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የመኪና ጎማ ሆድ 35 ሊትር ያህል ይይዛል። በባሕር ወለል ከፍታ አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም አካባቢ ነው። 32 ፒ ኤስ አይ ማለት ደግሞ የሆዱን 2.2 እጥፍ ያህል ተጨማሪ አየር ታጭቆበታል ማለት ነው። የተነፈሰውም ቢሆን ባዶ አይደለም። ውስጡ የቀረው አየር ግን ከውጭው ጋር እኩል ስለሆነ ሚዛኑ አይቆጥረውም።

ከነቸርኬው 16 ኪሎ የሚመዝን ጎማ ላይ 90 ግራም ምን አላት? እጅ አይለያትም። የከባድ መኪና ጎማ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ 140 ሊትር በ8 እጥፍ ሲታጨቅ 1.3 ኪሎ ይደርሳል። ብስክሌት ላይ 10 ግራም ቢሆን ነው።

ታዲያ ጎማው ሚዛኑን ጠብቆ እንዲዞር ቸርኬው ላይ የሚደረገው 20 ግራም የባላንስ እርሳስ ሲወድቅ መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል? እርሳሱ ያለው አንድ ቦታ ላይ ነዋ! አየሩ ግን ዙሪያውን እኩል ተዘርግቷል።

መኪና ላይ ተገጥሞ ሲገፉት ግን የሚያስቃትተው ያ ቀላሉ፣ የተነፈሰው ነው። በተንከባለለ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ጉልበታችንን የሚበላው ይሄ ነው።